ለጀማሪ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ከማሽኑ አጠገብ ቦታ ይሰጣቸው

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ ኤሌክትሪካል ምሩቃን የሥራ ዕድል፣ ስለ ውጭ ዜጎች የሥራ ፈቃድና ስለ ዕውቀት ሽግግር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ከተመረቅሁ 14 ዓመት አልፎኛል፤ ግማሹን በፋብሪካ፣ ግማሹን በማከፋፈያ ጣቢያዎች ላይ አሳልፌዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ስልኬ ነው። በየሳምንቱ ከአንዱ ወይም ከሌላው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ይደውልልኛል። ስሜን ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከድሮ መምህሩ ሰምቶ ነው። «ጋሼ፣ እናንተ ጋር ቦታ አለ?» ይለኛል። እኔም «የት የት አመለከትክ?» እላለሁ። መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ማስታወቂያው ሁሉ 2 ዓመት፣ 3 ዓመት፣ 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ ቀን ደግሞ ለአንዲት ቦታ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት እናንተም ታውቁታላችሁ።

ልጆቹ «ሥራ የለም» ብለው ያምናሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በየሄድኩበት ፋብሪካ፣ በየጣቢያው፣ በየሕንፃው ሰው የሚጠብቅ ሥራ አያለሁ። የቆመ ማሽን አያለሁ፤ ብሬከር (አደጋ ሲኖር መስመሩን በራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ) ምክንያቱ ሳይታወቅ በየቀኑ ሲወድቅ፣ ሠራተኛ መጥቶ መልሶ ሲያስነሳው አያለሁ። ሥራውም ልጁም አሉ። መገናኛው ነው የጠፋው። ያ መገናኛ በከፊል በእናንተ መሥሪያ ቤት እጅ ስላለ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ተመርቄ ስወጣ ለ8 ወር ሥራ አላገኘሁም። በመጨረሻ የገባሁት ዲፕሎማ ብቻ በሚጠይቅ ቦታ፣ የሺፍት ኤሌክትሪሽያን ሆኜ ነው። አልጸጸትም። እዚያ ፎርማናችን የነበሩ አንድ አዛውንት በመጀመሪያው ሌሊት ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ መብራት ጠፍቷል ሲሉህ አትመን» አሉኝ። ቴስተራቸውን አወጡ። መጀመሪያ ኃይል ባለው መስመር ላይ ሞከሩት፤ ቀጥሎ ጠፍቷል የተባለውን ለኩ፤ ከዚያ ተመልሰው ኃይል ባለው ላይ ደግመው ሞከሩት። «ቴስተሩ መሐል ላይ ሞቶ ቢሆንስ?» አሉኝ። አምስት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም። መምህሮቼ ደካማ ስለነበሩ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚተላለፈው ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስለሆነ ነው።

እዚያው ፋብሪካ የደረሰብን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ክረምት ነበር። ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለአስፈላጊ ነገሮች ብቻ ስለሚበቃ የማሸጊያ መስመሩ ያለ ኃይል አደረ፣ ቅዳሜም ዋለ። እሑድ ከሰዓት መብራት ሲመለስ ልናስነሳው ሄድን። ፓኔሉን ከፈትኩ። ሦስቱም ፌዝ አለ፤ ፊውዞቹ ደህና ናቸው፤ ኮንታክተሮቹ ደህና ናቸው። መስመሩን በፕሮግራም የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ላይ ግን አንዲት ቀይ መብራት በርታ ቀርታለች፤ ማሽኑ ምንም ትዕዛዝ አይቀበልም። በኋላ እንደገባን፣ ፕሮግራሙን መብራት በሌለበት ጊዜ ይዛ የምታቆየው የጣት ያህል ባትሪ አልቃ ነበር። የባትሪዋ ማስጠንቀቂያ ለወራት ሲበራ ከርሟል። እኔም በሺፍቴ ደጋግሜ አይቸዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ያስተማረንም አልነበረም። ፕሮግራሙ ጠፋ። ቅጂ በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ቅጂው መስመሩን ተክለው በሄዱት ሰዎች ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ባሕር ማዶ።

የአቅራቢው ባለሙያ በ11ኛው ቀን መጣ። ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል፣ የቀን አበል፣ ሁሉም በዶላር ተከፈለለት። በእነዚያ ቀናት የቀን ሠራተኞቹ ያለ ክፍያ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሰውየው ትሑትና ሙያውን የሚያውቅ ነበር። ባትሪዋን ቀየረ፣ ኬብሉን ሰካ፣ ፕሮግራሙን ጫነ፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። «አንድ ቅጂ በፍላሽ ስጠን» ብዬ ለመንኩት። አዝኖ፣ «በውሉ ላይ የለም» አለኝ። ውሉ ወጥቶ ታየ። እውነቱን ነው፤ የለም። ማሽኑን ስንገዛ ፕሮግራሙን አልገዛንም፤ ተከላው ሲካሄድ ከጎን ሆኖ የሚማር ሰውም አልመደብንም።

በእኛ ሙያ ኮሚሽኒንግ የሚባል ጊዜ አለ። ማሽኑ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል ተሰጥቶት፣ እያንዳንዱ ገመድ፣ እያንዳንዱ ሴንሰር፣ እያንዳንዱ መከላከያ ሪሌይ (ብልሽት ለይቶ መስመሩን የሚያስቆርጠው መሣሪያ) አንድ በአንድ የሚፈተሽበት ጊዜ ነው። ጥቂት ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ይወስዳል። ስህተቶቹ ሁሉ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ትምህርቱ ሁሉ ያን ጊዜ ነው። አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ስድስት ወር ኮሚሽኒንግ ላይ ቢቆም፣ ያለቀለትና የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ሦስት ዓመት ከሚቀመጥ ይልቅ ብዙ ያውቃል ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። በሀገራችን ግን ብዙ ጊዜ ኮሚሽኒንግ በር ዘግቶ የሚሠራ ሥራ ሆኗል። የእኛ ልጆች ገመድ ይጎትታሉ፣ ቦይ ይቆፍራሉ፣ የገመድ መደርደሪያ ትሬይ ያስራሉ፤ ላፕቶፑ ሲከፈት ይወጣሉ። ውሉ የፋብሪካ ፍተሻና የሥልጠና ጉዞ ቢኖረው እንኳ አምራቹ ሀገር ድረስ የሚላከው ከማሽኑ ጋር የማይውል ኃላፊ ሲሆን አይቻለሁ። ተመልሶ ሲመጣ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ የሪሌይ ሴቲንግ ፋይል ይዞ የመጣ አላጋጠመኝም።

ሥራው የት የት እንዳለ በዝርዝር ላሳይ፤ ምክንያቱም «ኤሌክትሪካል» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ብቻ ነው። የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ክፍል እንኳ ፓወሩን፣ ኮንትሮሉን፣ ኮሙኒኬሽኑንና ኤሌክትሮኒክሱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ከዚያ «ተስማሚ ሰው አጣን» ይላል።

ከኃይሉ ልጀምር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት ነው። ግድብ ሲገነባ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ ግንባታው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ የሚመስለን ለዚህ ነው። የቆቃ ኃይል ማመንጫ ግን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ነው። ያኔ ጀነሬተሩን የተቀበሉት መሐንዲሶች ጡረታ ወጥተዋል፤ ከእነሱ የተረከቡትም ወጥተዋል። ዛሬ ሕዳሴው ባለበት ጉባ ላይ የቆመው እያንዳንዱ ጀነሬተር ገና ያልተወለዱ መሐንዲሶችን ይፈልጋል። በየተርባይኑ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ገቨርነር አለ፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ኤክሳይቴሽን አለ፣ መከላከያ ሪሌይ አለ፣ ሁሉን ከርቀት የሚያይና የሚያዝ ስካዳ አለ፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሙያ ናቸው።

ወላይታ ሶዶ ላይ ደግሞ ሀገራችን ከዚያ በፊት ያልነበራት ነገር ቆሟል። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 500 ኪሎ ቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ የሚሄደውም በቀጥተኛ ኃይል፣ በዲሲ ነው። ተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ጣቢያ ውስጥ ያሉት የታይሪስተር ቫልቮች፣ የፊልተር ባንኮች፣ የኮንትሮል ሥርዓቱ፣ በየዩኒቨርሲቲያችን «ፓወር ኤሌክትሮኒክስ» በሚል ኮርስ በሰሌዳ ላይ የምንማረው ነው። ያንን ኮርስ ያስተማሩ መምህራን ስንቶቹ ሶዶ ሄደው አይተዋል? ስንቱ ተማሪስ በአውቶቡስ ተጭኖ አንድ ቀን ጎብኝቷል? ከመስኩ ውጪ ላለ ሰው ይህ ጥቃቅን ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ገና መብራት አላገኘም። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከሀገሪቱ ቤቶች 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰሉት ለማዳረስ ነበር ያቀደው። ገጠር ላይ የሚተከል ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም ለአንድ መንደር የሚበቃ ትንሽ የኃይል መረብ፣ ባትሪውን፣ ኢንቨርተሩንና ፓኔሉን የሚመጥን ሰው ይፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪው ሲደክም ደግሞ የሚደርስለት ሰው ይፈልጋል። ብዙ የፀሐይ ኃይል ተከላ የሚሞተው በሁለተኛው ዓመት ነው። ወረዳው ላይ አንድ ሰው ቢኖር አይሞትም።

ፋብሪካዎቹ ጋ ልምጣ፤ ቤቴ እዚያ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ክሊንከሩን (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ድንጋይ መሰል ነገር) የሚያበስለውን ግዙፍ እቶን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ የወፍጮዎቹ ሞተሮች፣ የማራገቢያዎቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩ ድራይቮች አሉ፤ አንዱ ሲቆም ሙቀቱን የያዘው እቶን እንዳይጣመም በደቂቃዎች ውስጥ ውሳኔ ይጠይቃል። ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ለሚ፣ ድሬዳዋ፣ በየትኛውም ሌሊት የነቃ መሐንዲስ መኖር አለበት። የስኳር ፋብሪካ ደግሞ ራሱ ኃይል ማመንጫ ነው። ወንጂም መተሐራም ፊንጫአም የሸንኮራውን ገለባ አንድደው እንፋሎት፣ ከእንፋሎቱ መብራት ያወጣሉ፤ ስለዚህ እዚያ የሚቀጠር ልጅ ጀነሬተርንም፣ ማከፋፈያንም፣ የፋብሪካ ኮንትሮልንም በአንድ ግቢ ይማራል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሐዋሳን፣ ቦሌ ለሚን፣ ኮምቦልቻን የመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮችም የየራሳቸው ማከፋፈያ፣ ኮምፕሬሰር፣ የፍሳሽ ማጣሪያ አላቸው። ሰው የሚያስባቸው በልብስ ስፌት ብቻ ነው።

በሐዲድ ላይም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው 750 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መስመር በ25 ኪሎ ቮልት ነው የሚሄደው፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ። የጅቡቲው መስመር የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ለ6 ዓመት በቻይና ኩባንያዎች ሲተዳደር ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተላልፏል። ይህን የማነሳው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ የርክክቡ ቀን ቀድሞ በውል ታስሮ ከተቀመጠ ርክክቡ ይመጣል። የእኛ ማሸጊያ መስመር ውል እንዲህ ያለ ቀን አልነበረውም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ከሁሉም አዲስ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ መንገዱ ተቀይሯል፤ ጋራዡ ግን ገና አልተቀየረም። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ዲሲ ነው፤ በካቻቢቴና በድፍረት የሚከፈት ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ሰው እንዳይሞትብን እሰጋለሁ። ከመኪናው ወጥተን መሙያውን ደግሞ እንይ። አንድ ፈጣን መሙያ 60 ኪሎ ዋት ቢሆን፣ አራቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ 240 ኪሎ ዋት ነው። አንድ ሰፈር የሚመግብ ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ በግርድፉ ከኪሎ ዋቱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ስለዚህ አራት መኪና ሲሞላ የሰፈሩ ምጣድ የሚጋገርበት ኃይል አለቀ ማለት ነው። ይህን ቀድሞ አስልቶ፣ ትራንስፎርመሩን አሳድጎ፣ ጭነቱን በሰዓት ከፋፍሎ የሚያቅድ ሰው በየክፍለ ከተማው ያስፈልጋል። የአዲስ ምሩቅ ሥራ ነው፤ ስሌቱን ሦስተኛ ዓመት ላይ ይማሩታል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። የቴሌኮም ማማ ሁሉ ሥሩ በ48 ቮልት ዲሲ የሚሠራ የኃይል ክፍል አለው፤ ሬክቲፋየር፣ ባትሪ፣ ጄኔሬተር፣ አንዳንዱም ሶላር። ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማማው በዝቷል። በሆስፒታሎች የኦክስጅን ማምረቻ፣ የሲቲ ስካንና የኤክስሬይ ክፍሎች የሚቆሙት አንዳንዴ መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን የሚገባው ቮልቴጅ ስለሚወዛወዝ ነው፤ ይህን ለይቶ የሚናገር ሰው ግን ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። በየሕንፃው ሊፍት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ከዋናው መስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያዞር ማብሪያ አለ። ራሱን ችሎ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ የኤሌክትሪክ ተከላ የብቃት ማረጋገጫ አውጥቶ መጀመር ይቻላል፤ ብዙ ምሩቅ ይህ መንገድ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የአየር መንገዳችንን ነገር ግን ለብቻ ላንሳው። አውሮፕላን የሚጠግን ቴክኒሽያን ሲፈልግ ልምድ ያለው ሰው ከገበያ አይጠብቅም፤ በራሱ ትምህርት ቤት አሠልጥኖ ነው የሚያወጣው። ልምድ የሚጠይቅ አሠሪ ሁሉ «ይህን ልምድ ማን ሰጥቶት እንዲመጣ ነው የምጠብቀው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ እወዳለሁ። ሁሉም ሌላው እንዲያስተምርለት ከጠበቀ የሚያስተምር አይኖርም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተለማማጅ ተልካልን ነበር። ማከፋፈያ ጣቢያው ስንገባ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ቆመችና «ይሄ ድምፅ ብልሽት ነው?» አለችኝ። ብልሽት አልነበረም። ሀገራችን ውስጥ ያለው ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የትራንስፎርመሩ ብረት በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ይሳባል፤ ስለዚህ 100 ኸርዝ ላይ ያጎራል። ስነግራት ማስታወሻዋን አውጥታ እየጻፈች፣ «ቀመሩን አውቀዋለሁ፤ ድምፅ እንዳለው አላወቅሁም» አለች። በአራት ወር ውስጥ የትራንስፎርመሩን ጩኸት ሰምታ ጭነት መብዛቱን ትገምት ጀመር። ዘይቱን ለምርመራ መውሰድ ተማረች፤ የሪሌይ ፋይል አውርዳ መስመሩ ለምን እንደወደቀ ማንበብ ተማረች። የመውጫ ፈተናዋን አልፋለች። አሁን ግን ሥራ የላትም፤ ምክንያቱም እነዚያ አራት ወራት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ እንደ ልምድ አይቆጠሩም። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ሁለቱም ጋ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሌሊት ሺፍት ትችያለሽ?» የሚል ነበር። አብረዋት ለተፈተኑት ወንዶች ይህ ጥያቄ አልቀረበም። ከእኔ ጋር ሁለት ሌሊት ሙሉ ብሬከር ስትፈትሽ ያደረች ልጅ ናት።

ሌሎቹ ተለማማጆች እንደ እሷ ዕድለኛ አይደሉም። ብዙዎቹ ለፎቶ ኮፒ ይላካሉ፣ ቢሮ ጥግ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ፣ በመጨረሻ ማኅተም ተመቶላቸው ይሄዳሉ። ከዓመታት በፊት 70 በ30 ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ትልቁ ድርሻ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲዞር፣ በየክፍሉ ያለው የተማሪ ቁጥር አብሮ አደገ፤ የላቦራቶሪውና የመለማመጃው ቁጥር ግን እኩል አላደገም። ልጆቹ ያንን ጉድለት ነው ዛሬ የሚከፍሉት።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄዬ ልግባ።

የውጭ ዜጋ በሀገራችን ለመሥራት ፈቃድ የሚያገኘው ከእናንተ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብቱ ያመጣቸውን የውጭ ባለሙያዎች አስፈላጊውን ሥልጠና እየሰጠ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካ ግዴታ ይጥልበታል። ሕጉ አለ። እኔ የምለምነው የእድሳቱ ቅጽ ላይ አንድ ገጽ እንዲጨመር ነው። ይህ መሐንዲስ ባለፈው ዓመት ከጎኑ የሠራው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ምን ምን ሥራ አብረው ሠሩ? አሁን ብቻውን መሥራት የሚችለው የትኛውን ነው? ይህን ገጽ የሚሞላው አሠሪው ብቻ እንዳይሆን፣ ያ ኢትዮጵያዊ ራሱ ይፈርምበት። ገጹ ባዶ ከሆነ እድሳቱ ከመጽደቁ በፊት አንድ ባለሙያ ሄዶ ቦታውን ይይ። የሚሄድ ባለሙያ ካጣችሁ በዚህች ከተማ ብቻ በፈቃዳቸው የሚሄዱ ጡረተኛ መሐንዲሶችን ላገናኛችሁ እችላለሁ።

ይህን ስጠይቅ የውጭ ባለሙያ አይምጣ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይምጣ። የማናውቀው ብዙ አለ። ብቻውን አይቁም ነው የምለው።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ልምምዱ ነው። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ፣ ተማሪው በየቀኑ የሠራውን የሚመዘግብበት፣ አለቃው በየሥራው ሥር የሚፈርምበት አንድ ወጥ የልምምድ መዝገብ አዘጋጁ። በዚያ መዝገብ የተረጋገጠ ጊዜ በመንግሥትም በግልም ቅጥር እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠር። መዝገቡ ላይ «ፎቶ ኮፒ አደረገ» ብሎ መፈረም የሚያፍር አለቃ ይኖራል፤ ያ ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ሦስተኛው ጥያቄዬ በመንግሥት ገንዘብ ስለሚገዙ ማሽኖችና ጣቢያዎች ነው። ግዢው በእናንተ እጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ግልባጩን ወደ ሌሎች የላክሁት። በእያንዳንዱ ውል ላይ በኮሚሽኒንጉ ወቅት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክቡ የሚቆሙ ጀማሪ መሐንዲሶች ቁጥር ይጻፍ። የፒኤልሲው ፕሮግራም፣ የሪሌዩ ሴቲንግ፣ የይለፍ ቃሉና የመጨረሻው ሥዕል ለባለቤቱ ካልተረከቡ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ለሥልጠና ወደ ውጭ የሚላከው ሰው ተመልሶ ማሽኑ ላይ የሚውለው ሰው ይሁን።

ስለ ውጭ ሀገር ሥራ ስምሪትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም የእናንተ ኃላፊነት ስለሆነ። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሰፊ ሥራ አለ። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ማንም መሐንዲስ በሀገሪቱ የመሐንዲሶች ምክር ቤት ሳይመዘገብ እንዲሠራ አትፈቅድም፤ ምዝገባው ደግሞ የተረጋገጠ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይመለከታል። የእኛ ልጆች ይህን የሚያሟሉበት መንገድ ስላልተጠረገላቸው ዲግሪያቸውን እቤት ጥለው በሌላ ሥራ ሲሄዱ እናያለን። ከመቀበያ ሀገራት ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ስትነጋገሩ መሐንዲሶችንና ቴክኒሽያኖችን የሚመለከት ክፍል ይኑረው። የሰነድ ማረጋገጫው፣ የሙያ ምዝገባው፣ የውሉ ቅጽ በአማርኛ ተብራርቶ ይቀመጥ።

ለአሠሪዎችም በዚሁ አንድ ቃል አለኝ። ማስታወቂያችሁ ላይ «2 ዓመት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው እውነት 2 ዓመት ይፈልግ እንደሆነ ፎርማናችሁን ጠይቁት። የእኔ ፎርማን ቢጠየቁ ኖሮ «ጆሮ ያለውና ሳይለካ የማይነካ ልጅ ላኩልኝ» ይሉ ነበር።

ያቺ ተለማማጅ የጻፈችው የአራት ወር ማስታወሻ በእጄ አለ፤ ፈቅዳልኛለች። በየቀኑ ምን እንደሠራች፣ የት እንደተሳሳተች፣ ማን እንዳረማት በራሷ እጅ ጽፋዋለች። የልምምድ መዝገቡን ለማዘጋጀት ሰው ብትመድቡ፣ ማስታወሻውን ይዤ፣ እሷንም አስከትዬ፣ በምትሉኝ ቀን ቢሯችሁ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለኤሌክትሪካል ትምህርት ክፍሎች፣ በየዩኒቨርሲቲዎቹ